ሳይወርዱ መልበስ፣ ሳይቆሙ መብላት

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤልጅየም ውስጥ ኦውደናርደ አካባቢ ብስክሌት እየጋለብን ሳለ ሰማዩ ድንገት ተቀደደ። አምስት ነበርን። አራታችን መንገድ ዳር ቆመን የዝናብ ጃኬት ፍለጋ የጀርባ ኪሳችንን ማመስ ጀመርን። አምስተኛው አልቆሙም። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱንም እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱ፣ ጃኬቱን ከኪሳቸው መዘዙ፣ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ዚፕ። በቃ። እኛ ጓንታችንን አውልቀን ከዚፕ ጋር ስንታገል እሳቸው ኩርባውን ታጥፈው ከዓይናችን ጠፍተዋል። እሳቸውን ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ላባችንን አፈሰስን።

ሽማግሌው በ1970ዎቹ ለጥቂት ዓመታት በደሞዝ የጋለቡ ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አንድም ውድድር አላሸነፉም። ሥራቸው ለቡድኑ መሪ ውሃ ማመላለስ፣ ነፋስ መከለል፣ ሲያስፈልግም የገዛ ጎማቸውን ፈትተው መስጠት ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ አድጌ፣ በወጣትነቴ ለአንድ ክለብ ስድስት ዓመት ጋልቤ፣ አሁን ጌንት ከተማ ውስጥ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ። ሳንባ አላጣሁም። እንጦጦን ሲወጣ የኖረ ሰው የፍላንደርስ፣ የዚህ የሰሜን ቤልጅየም ዳገት አያስደነግጠውም። እጄ ግን ምንም አያውቅም ነበር። በእኛ ጊዜ ልምምድ ማለት ኪሎ ሜትር መቁጠር ነው። ጃኬት እንዴት እንደሚለበስ ያስተማረን የለም። ለነገሩ ጃኬቱስ የት ነበር?

የዚያን ቀን ቡና ላይ ጠየቅኳቸው። "እንዴት ነው የሚያደርጉት?"

"እንዴቱ ቀላል ነው" አሉኝ። "መቼ ብለህ ጠይቀኝ።"

ከታች ያለው ከእሳቸው የለቀምኩት፣ በገዛ ክርኔና ጉልበቴም የሞከርኩት ነው።

እጅ መልቀቅ

ልጅ ሆነን እጅ ለቆ መንዳት ለጉራ ነበር። በሙያ ለሚጋልብ ሰው ግን እንጀራው ነው። ጃኬት ለመልበስ፣ ምግብ ለመፍታት፣ ጓንት ለማውለቅ ሁሉ እጅ ነጻ መሆን አለበት። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

ሜዳ የሆነ፣ ጉድጓድ የሌለው፣ መኪና የማይበዛበት ቦታ ፈልጉ። እኔ የተለማመድኩት እሁድ ጠዋት ባዶ በሚሆን የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ "መንገድ ለሰው" ተብሎ መንገድ የሚዘጋበትን እሁድ ተጠቀሙ። ግን በማለዳ፣ ሕፃናቱ ሳይወጡ።

ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሁን። ጀማሪ ሲፈራ ቀስ ይላል፣ ቀስ ያለ ብስክሌት ደግሞ ይወላገዳል። ማርሹን ከለመዳችሁት አንድ ደረጃ ከበድ አድርጉት። እግር የሚገፋው ነገር ካጣ ዳሌ ይወዛወዛል፣ ዳሌ ከተወዛወዘ ብስክሌቱ ይከተለዋል። ጀርባችሁን ቀና አድርጉና ክብደታችሁን ኮርቻው ላይ ጣሉት። ዓይናችሁ 30 ሜትር ራቅ ብሎ ይይ። የፊት ጎማውን ቁልቁል ያየ ሰው ይወድቃል፤ ይህንን ሁለቴ አረጋግጫለሁ።

መጀመሪያ መሪውን በጣት ጫፍ ብቻ ንኩት። ቀጥሎ እጃችሁን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጉ። ከዚያ ጭናችሁ ላይ አሳርፉት። በቀን አሥር ደቂቃ ከሞከራችሁ በሁለት ሳምንት ይመጣል። ፈተናው ጓንት ነው። እየጋለባችሁ ሁለቱንም ጓንት አውልቃችሁ መልሳችሁ ካጠለቃችሁ አልፋችኋል።

ጃኬቱ

አሁን ወደ ሽማግሌው "መቼ" እንምጣ። ብዙ ሰው ጃኬቱን የሚያወጣው ሲበርደው ነው። ያኔ ግን ጣቱ ደንዝዟል፣ ቁልቁለቱም ተጀምሯል። ዳገት ስንወጣ ውስጥ ልብሳችን በላብ ይርሳል። ጫፉን አልፈን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መውረድ ስንጀምር ያ እርጥብ ልብስ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ጃኬት የሚለበሰው ገና ሲሞቃችሁ ነው። ከጫፉ በፊት ዳገቱ ለዘብ የሚልበት ቦታ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች። ብስክሌቱ ዝግ ብሏል፣ እግር እየገፋ ነው፣ ኩርባ የለም። ጊዜው እሱ ነው።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያነሱት ጋቪያን ነው። ጋቪያ ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ያለ፣ ከፍታው ከ2,600 ሜትር የሚበልጥ የተራራ መተላለፊያ ነው። በ1988 ጂሮ ዲ ኢታሊያ፣ ሦስት ሳምንት በሚፈጀው የኢጣሊያ ዙር ውድድር፣ ጁን 5 ቀን፣ ተወዳዳሪዎቹ እዚያ ላይ በረዶ ጣለባቸው። ሆላንዳዊው ዮሃን ቫን ደር ቬልደ ጫፉን ቀድሞ ያለፈው በአጭር እጅጌ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ብርዱ አሸነፈውና ቆመ። መጨረሻ ላይ የገባው ከአሸናፊው ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። የአሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን ቡድን ግን ጠዋት ከበረዶ ሸርተቴ ዕቃ መሸጫ ወፍራም ልብስ ገዝቶ ዳገቱ ላይ አቆይቶለት ነበር። ሃምፕስተን የዚያን ቀን ሁለተኛ ወጣ፣ የአጠቃላይ መሪውን ሮዝ ማሊያ ለበሰ፣ ጂሮውንም ወሰደ። ቫን ደር ቬልደ እግር አልጎደለውም። የጎደለው በሰዓቱ የተለበሰ ጃኬት ነው።

እንዴቱ ደግሞ ቤት ይጀምራል። ጃኬቱን ስትጠቀልሉ ኮሌታው ከላይ እንዲሆን አድርጉ፤ እጃችሁ ኪስ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ኮሌታውን ይሁን። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ እንዳልተገለበጡ እዩ። ዚፑ ላይ ደግሞ አንድ ጣት የምታስገባ የሲባጎ ቀለበት እሰሩበት። ይህቺ ሲባጎ ከሁሉም በላይ ናት። ወፍራም ጓንት ያደረገ እጅ የዚፕ ጆሮ አይዝም፣ ቀለበት ግን ይዞ ይጎትታል። የሽማግሌው ቀይ የጫማ ማሰሪያ ቁራጭ ናት። ሦስት ጃኬት ቀይረው ሲባጎዋን አልቀየሩም።

መንገድ ላይ፣ ከግሩፕ ጋር ከሆናችሁ መጀመሪያ ወደ ጭራው ሂዱ። ብትወድቁ ብቻችሁን ትወድቃላችሁ። ግራ እጃችሁ መሪው ላይ ሆኖ ቀኝ እጃችሁን እጅጌ ውስጥ አስገቡ። አሁን አደገኛው ደቂቃ ነው። ጃኬቱ ግማሹ ላያችሁ ላይ፣ ግማሹ በነፋስ ከኋላችሁ ይውለበለባል። ስለዚህ ያልገባውን ወገን ኮሌታ በጥርሳችሁ ንከሱ። ከዚያ ሁለቱንም እጅ ልቀቁ፣ ግራ እጃችሁን ወደ ኋላ ወስዳችሁ የእጅጌውን አፍ ፈልጉ፣ ግፉ። ዚፑን ለማያያዝ ቀና በሉ፤ በአንድ እጅ የጃኬቱን ጫፍ ወጥራችሁ ያዙ፣ በሌላው ጎትቱ። ዚፑ እምቢ ካለ ተዉት። ክፍቱን ጃኬት ሆዳችሁ ላይ ሸጉጡትና መሪውን ያዙ፣ መንገዱ ሲመች ትመለሱበታላችሁ።

ኮሌታውን ያልነከስኩበትን ቀን ልንገራችሁ። አንድ መንደር መግቢያ ላይ፣ በቀስታ እየሄድኩ፣ ግራ እጅጌው ወደ ኋላ ሄዶ ከጎማው ሽቦዎች ጋር ተጠመጠመ። የኋላ ጎማዬ ቀጥ ብሎ ቆመ። አምስት ሜትር ያህል በክርኔ ሄድኩ። የጃኬቱ እጅጌ ተቀዶ ቀረ፣ እኔም ለሁለት ሳምንት ሊጥ በአንድ እጅ አቦካሁ። አንዲት አሮጊት ከመስኮት ሆነው አዩኝና የሆነ ነገር አሉ። ፍላንደርስኛዬ ያን ጊዜ ደካማ ስለነበር ማዘናቸው ይሁን መሳቃቸው አልገባኝም።

ጃኬት ከሌለስ? ጋዜጣ። የድሮ ጋላቢዎች ተራራ ጫፍ ላይ ከተመልካች እጅ ጋዜጣ እየነጠቁ ማሊያቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ ይሸጉጡ ነበር። ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያል። ወረቀት ነፋስ አያሳልፍም፣ ላብም ይመጥጣል። ዋናው ደረትና ሆድ ላይ መሆኑ ነው፣ ጀርባ ነፋስ አያገኘውም። አሁን ጋዜጣ የሚገዛ ሰው ስለጠፋ እኔ የዳቦ ቤታችንን የወረቀት ከረጢት እይዛለሁ። ታጥፎ ከኪስ አይቆጠርም። ሽታው ግን ቁልቁለቱን ሙሉ ያስርበኛል።

ምግብና ኮዳ

የማሊያ ጀርባ ሦስት ኪስ አለው። ቀኝ እጅ ለሚቀናው እንዲህ ይሁን፦ የሚበላው በቀኝ፣ ጃኬት በመካከል፣ ባዶ ማሸጊያ በግራ። ይህን አትቀያይሩት። ጣታችሁ ሳያስብ መሄድ አለበት። ማሸጊያውን ከሙሉው ምግብ ጋር ከቀላቀላችሁት 100 ኪሎ ሜትር ላይ እጃችሁ አራት ባዶ ላስቲክ አውጥቶ አምስተኛው ላይ ምግብ ያገኛል። እኔ ደርሶብኛል።

ባለሙያዎቹ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወስዳሉ፣ ዛሬ ዛሬ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። እኔና እናንተ ያን ያህል አያስፈልገንም። ጊዜው ግን ለሁላችንም አንድ ነው። በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ፣ ሜዳ ላይ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት። ዳገት ላይ አፍ ለትንፋሽ ነው። ከራባችሁም ዘግይታችኋል፤ ያኔ የሚበላው ጉልበት የሚሆነው ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው።

የታሸገውን ሁሉ ቤት ሳላችሁ ጥጉን በመቀስ ሸረፍ አድርጉት። ቡድኖቹ ለተወዳዳሪዎች የሩዝ ኬክ በፎይል እየጠቀለሉ ይሰጣሉ። እኔ በሶ ጭብጦ ነው የምይዘው። በሶውን በማርና በትንሽ ዘይት አሽቼ፣ እንቁላል የሚያህል አድርጌ፣ በፎይል እጠቀልላለሁ። የፎይሉን አንድ ጫፍ ጠምዘዝ አድርጌ ጆሮ አወጣለታለሁ። በጥርስ ይዞ መሳብ ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ በውሃ ብቻ የታሸ በሶ ሰዓት ሲቆይ ይደርቃል። የደረቀ በሶ አፉ ውስጥ አድርጎ አየር የሳበ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ለዚያ ነው ማሩና ዘይቱ። ሽማግሌው መጀመሪያ ቀን አገላብጠው አይተው "ይሄ አፈር ነው?" አሉኝ። ሁለተኛውን ሳልሰጣቸው ከኪሴ ወሰዱት።

ውሃ ሲጠጣ አንገት ወደ ኋላ አይታጠፍም። ኮዳውን ከጎን አምጥታችሁ እጃችሁን አዘንብሉና ጭመቁ፣ ዓይን መንገዱ ላይ ይቆይ። ለመመለስም ቁልቁል አትዩ። የእጃችሁ ጀርባ የብስክሌቱን ቱቦ ሲነካ ያንን ተከትላችሁ ዝቅ ብትሉ ማስቀመጫው እዚያው ነው። ቤት ውስጥ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፋችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሃያ ጊዜ ሞክሩት። ሚስቴ እንዲህ ሳደርግ አግኝታኝ ምንም ሳትል በሩን ዘጋችው።

ባዶ ኮዳ መወርወር ድሮ የፔሎቶኑ ወግ ነበር። ፔሎቶን የሚሉት ተጠጋግቶ የሚሄደውን ዋናውን የተወዳዳሪ ጎርፍ ነው። ከ2021 ወዲህ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ መጣል ክልክል ሆኗል። በዚያው ዓመት በፍላንደርስ ዙር ሚካኤል ሼር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ኮዳውን መንገድ ዳር ለቆሙ ደጋፊዎች ወርውሮ ከውድድሩ ተባረረ። እኔ ይህ ቅጣት በዝቷል ባይ ነኝ። ኮዳ ለመልቀም አጥር ላይ የተንጠለጠለ ልጅ አይቼ አውቃለሁና።

ውሃ አመላላሾቹ ከቡድኑ መኪና እስከ ስምንት ኮዳ ተቀብለው በኪስ፣ በአንገትጌ በኩል በማሊያ ውስጥ ጀርባቸው ላይ ሳይቀር ጭነው ወደ ፊት ይመለሳሉ። የዚህም "መቼ" አለው፤ ፔሎቶኑ ሲረጋጋ እንጂ ሲጣደፍ አይወረድም። ኮዳ ሲቀበሉ ሰጪውና ተቀባዩ ከሚገባው በላይ ይዘውት ከቆዩ መኪናው ጋላቢውን ይጎትተዋል። ዳኞች ትንሿን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ፣ ትልቋን ግን አያልፉም። ቪንሴንዞ ኒባሊ በ2015 የስፔን ዙር (ቩኤልታ)፣ ሮማን ባርዴ በ2017 የፈረንሳዩ ፓሪስ-ኒስ ውድድር መኪና ይዘው በመጎተታቸው ተባረዋል። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ፅጋቡ ግርማይም ብዙውን ዘመኑን የሠራው ለሌላው በመልፋት ነው። ቴሌቪዥን ላይ የማይታይ ሥራ ነው።

ጎማ ላይ መለጠፍ

ከሰው ጀርባ ሲጋልቡ የጉልበቱ ሲሶ ያህል ይቀራል። ስለዚህ ሁሉም መጠጋት ይፈልጋል፣ ሁሉም ደግሞ ይፈራል። ከአንድ ሜትር ጀምሩ። ባለሙያዎቹ እስከ አንድ ስንዝር ይጠጋሉ፣ እናንተ ግማሽ ሜትር ላይ ብትቆሙ ማንም አያማችሁም።

ከፊት ያለውን ሰው ጎማ አትዩ። ዳሌውን እዩ፣ በትከሻው ላይ አሻግራችሁም መንገዱን። ጎማው የሚነግራችሁ የሆነውን ነው፣ ዳሌው ሊሆን ያለውን። ሊነሳ ሲል ዳሌው ከኮርቻው ይላቀቃል። ልብ በሉ፣ ሰው ከኮርቻው ሲነሳ ብስክሌቱ ለአፍታ ወደ ኋላ ይመጣል። እኔ በዚህች ብቻ አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። እናንተ ስትነሱ ደግሞ ፔዳሉን ጫን እያላችሁ ተነሱ፤ ከኋላችሁ ያለው ያመሰግናችኋል።

በጣም ከቀረባችሁ ፍሬን አትያዙ። ፍሬን የያዘ ሰው ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያስደነግጣል። ደረታችሁን ቀና አድርጉ፣ ነፋሱ ያዘገያችኋል። ወይም ግማሽ ጎማ ወደ ጎን ውጡ። ግን የፊት ጎማችሁ ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጎን ገብቶ አይቆይ። እሱ ትንሽ ቢታጠፍ እሱ ምንም አይሆንም፣ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ።

ተራችሁ ደርሶ ከፊት ስትሆኑ ፍጥነት አትጨምሩ። ይህ የአዲስ ሰው በሽታ ነው፣ የእኔም ነበር። አዲስ አበባ ከፊት መሆን ማለት ማሳየት ነበር። እዚህ ግሩፑ ሲበታተን ሽማግሌው ከኋላ "ማንን ነው የምታባርረው?" ይሉኛል። ሲበቃችሁ ክርናችሁን አንዴ ወዘወዝ አድርጉና ወደ ጎን ውጡ፤ ተካኝ ማለት ነው።

ወደ ኋላ ለማየት የሚዞረው ጭንቅላት ብቻ አይደለም፤ ትከሻም ይከተላል፣ መሪውም ይከተላል፣ ሰውዬው መንገዱን ያቋርጣል። በግራ ለማየት ግራ እጃችሁን ከመሪው አንስታችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ አገጫችሁን ወደ ትከሻ አምጡ። ብስክሌቱ መስመሩን አይለቅም። ጎረቤታችሁን የምታውቁት ከሆነ እጃችሁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋችሁ ማየት ይቻላል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ስፖርት ሳይሆን ወዳጅነት ይመስላል።

ኮብልስቶን

የአዲስ አበባ ልጅ ኮብልስቶን አያስተዋውቁትም። የፍላንደርሱ ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ ያረጀ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ በመካከሉ ጎማ የሚውጥ ክፍተት ያለው ነው። ፓተርበርግ የሚባለው ዳገት 360 ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ግን ዳገትነቱ እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። ኮፐንበርግ ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ ባለሙያዎችም ወርደው ብስክሌታቸውን ሲገፉ ታይተዋል።

እጃችሁ መሪውን እንደ ጫጩት ይያዝ፤ እንዳታመልጥ፣ እንዳትሞትም። አጥብቆ የያዘ ሰው ንዝረቱን ሁሉ ወደ ትከሻው ይጋብዛል። ማርሹ ከበድ ይበል። ፍጥነታችሁን ድንጋዩ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ያዙት፣ ላዩ ላይ ሆኖ መጨመር ከባድ ነው። የመንገዱ መሃል ጎበጥ ያለው ይሻላል፤ ጭቃውና የተበላው ድንጋይ ከዳር ነው። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ደግሞ ከኮርቻ አትነሱ። ክብደታችሁ ከኋላ ጎማ ላይ ሲነሳ ጎማው እርጥብ ድንጋይ ላይ ይሽከረከራል፣ እናንተም ትቆማላችሁ። ከቆማችሁ ዳግም መነሳት የለም፣ ግፉ።

ሰንሰለት፣ ጎማና ሌላው ጉድ

ሰንሰለት ሲወልቅ የመጀመሪያው ሐሳብ መቆም ነው። አትቁሙ። ወደ ውስጥ ከወደቀ፣ የፊቱን ማርሽ ወደ ትልቁ ጥርስ እየቀየራችሁ ፔዳሉን እንደ ላባ አቅልላችሁ አዙሩት። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ወደ ውጭ ከወደቀ ወደ ትንሹ ቀይሩ። ፔዳሉ ከያዘ ግን አታስገድዱት፣ ያኔ ቁሙ። የሚወልቀውም አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ኃይል እየረገጥን ማርሽ ስንቀይር ነው፤ ለግማሽ ዙር እግርን ማላላት ይበቃል። በ2010 ቱር ደ ፍራንስ አንዲ ሽሌክ የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ ለብሶ ፖር ደ ባሌስ ላይ ለማምለጥ ሲነሳ ሰንሰለቱ ወለቀበት። እሱ ቆሞ ሲያስተካክል አልቤርቶ ኮንታዶር ሄደ። ሽሌክ የዚያን ቀን 39 ሰከንድ አጣ። ፓሪስ ሲደርሱም በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 39 ሰከንድ ነው። ኋላ ኮንታዶር በዶፒንግ ተሰርዞ ድሉ ለሽሌክ ተሰጠው፣ ግን በቢሮ ደብዳቤ የመጣ ቢጫ ማሊያ እንዴት ይጣፍጣል?

የተሰበረ ብርጭቆ ላይ ካለፋችሁ፣ ድሮ ጋላቢዎች ጎማቸውን በጓንት መዳፍ ይጠርጉ ነበር፤ ስባሪው ጠልቆ ሳይገባ ይወድቃል። የፊቱን ብቻ ሞክሩ። መዳፋችሁ ከፎርኩ (የፊቱን ጎማ ከሚይዘው ሹካ) ፊት ለፊት ጎማው አናት ላይ፣ በጣም ቀለል ብሎ ይረፍ። ጎማው እጃችሁን ወደ ፊት ስለሚገፋው ከፎርኩ ያርቀዋል። ከፎርኩ ኋላ ካደረጋችሁት ግን ይጎትተውና ይቀረቅረዋል። የኋላው ጎማም እንዲሁ እጅን ወደ ፍሬሙ ስለሚስብ ተዉት። ሽማግሌው የኋላውንም ያደርጉታል። የቀኝ አመልካች ጣታቸው ግን ጥፍር የለውም። ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሽንትን በተመለከተ፣ ፔሎቶኑ ሲረጋጋ ተነጋግሮ አብሮ ይቆማል፣ በዚያ ሰዓት ማጥቃትም ነውር ነው። ሳይወርዱ የሚያደርጉትም አሉ፤ ቁልቁለት ላይ፣ ጓደኛ ጀርባቸውን እየገፋ። ሰው ፊት ያደረገ ይቀጣል። እኛ ውድድር ላይ ስላልሆንን ጥሻ ፈልገን እንወርዳለን። ሆድ ግን ሁልጊዜ ጊዜ አይሰጥም። በ2017 ጂሮ ቶም ዱሙላን ሮዙን ማሊያ ለብሶ ከመጨረሻው ዳገት በፊት ሆዱ ታወከና ብስክሌቱን ሣር ላይ ጥሎ ቁምጣውን አወለቀ። የዚያን ቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ አጣ። ጂሮውን ግን በ31 ሰከንድ አሸነፈ። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ።

አንዲት ቀርታለች። በ2022 ጂሮ፣ ሜይ 17 ቀን፣ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ የሲ ከተማ ላይ ያለቀውን የዚያን ቀን ደረጃ፣ ማለትም የአንድ ቀን ውድድር፣ አሸነፈ። መድረክ ላይ የሽልማቱን አረፋማ ወይን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተፈናጥሮ ዓይኑን መታው፣ ከጂሮውም አስወጣው። በ2024 ቱር ሦስት ደረጃ አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ይዞ ስለገባ አሁን እየሳቅን እናወራዋለን። ሽማግሌው በዚህም ላይ አስተያየት አላቸው፦ ቡሹን የያዘውን ሽቦ ስትፈቱ አውራ ጣታችሁ ቡሹ ላይ ይቆይ፣ ጠርሙሱን አጋድማችሁ አፉን ከሰው አርቁ፣ ፊታችሁን አታስጠጉ፣ ቡሹን ይዛችሁ ጠርሙሱን አዙሩ። እንዴት እንደሚያውቁ ስጠይቃቸው፣ ለአለቃቸው የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። እኔ እስካሁን መድረክ ላይ ስላልወጣሁ ይህቺን የተለማመድኳት በአምቦ ውሃ ነው።